የልብ ሕክምና ጨረራ ዓይንን የሚያሰጋው ማንን ነው?

በምዕራብ ሸዋ ዞን ከጅባት ወረዳ ዋና ከተማ ከሸነን ተነስቶ የልብ ሕክምና የሚሻ ሕመምተኛ በቅድሚያ በአቅራቢያው ባለ የጤና ተቋም ይታያል። ችግሩ ከበድ ያለ ሲሆን ወደ አምቦ፣ ከአምቦም ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ በሪፈር ይላካል። በጉዞው መጨረሻ ከሚጠብቁት ሕክምናዎች አንዱ ደረት ሳይከፈት፣ በደም ሥር በኩል በሚገባ ካቴተር በተባለ ቀጭን ቱቦ የሚከናወነው ነው። ሐኪሙ ቱቦው የደረሰበትን ሥፍራ የሚከታተለው በራጅ ጨረራ አማካይነት ነውና ሕመምተኛውም ሆነ ቤተሰቡ ጨረራው ዓይንን ይጎዳ እንደሆነ ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

ለአብዛኛው ሕመምተኛ መልሱ «አያሰጋም» የሚል ነው። ጨረራው የሚያነጣጥረው ደረት ላይ በመሆኑ ዓይን በቀጥታ አያገኘውም። ይሁን እንጂ ጥያቄው በዚህ ብቻ የሚዘጋ አይደለም። በአንድ በኩል ሕክምናው በተደጋጋሚ የሚደረግላቸው ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በየዕለቱ ከጨረራው አጠገብ የሚቆሙት ሐኪሞች፣ ነርሶችና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች አሉ። የዓይን ጉዳት በጥናት የተረጋገጠው በዋነኛነት በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ ነው።

የዓይን ሌንስ ለጨረራ ስስ የሆነበት ምክንያት አለው። ሌንሱ የደም ሥር የለውም፤ የተጎዳ ሕዋስንም አስወግዶ የሚጥልበት መንገድ የለውም። ከሌንሱ ፊት ለፊት ባለው ስስ ሽፋን የሚገኙ ሕዋሳት በሕይወት ዘመን ሁሉ ቀስ በቀስ እየተከፋፈሉ ሌንሱን የሚሠሩ ክሮች ይሆናሉ። እነዚህ ሕዋሳት በጨረራ ሲጎዱ በትክክል ሳያድጉ ወደ ሌንሱ የኋላ ክፍል እየተሳቡ በዚያ ይከማቹና ብርሃን የሚያደናቅፍ ጭጋግ ይፈጥራሉ። የጨረራ የዓይን ሞራ ግርዶሽ በአመዛኙ ከሌንሱ በስተኋላ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው በፀሐይ ብርሃን ወይም በመኪና መብራት ይቸገራል፤ ማንበብም ይከብደዋል። ለውጡ ከጨረራው በኋላ ዓመታት ቆይቶ ሊገለጥ ስለሚችል መነሻውን ለማወቅ አዳጋች ነው።

ምን ያህል ጨረራ ሌንስን ይጎዳል በሚለው ጉዳይ ላይ የሳይንሱ አቋም ተለውጧል። ለብዙ ዓመታት ጉዳት የሚያደርሰው 2 ግሬይና ከዚያ በላይ የሆነ መጠን እንደሆነ ይታመን ነበር። በቼርኖቤል አደጋ የጽዳት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞችን ጨምሮ በልዩ ልዩ ሰዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ጉዳቱ ከዚያ ባነሰ መጠን እንደሚከሰት አመለከቱ። በዚህም መነሻ ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 የጉዳቱን መነሻ ወደ 0.5 ግሬይ አወረደው። ለጨረራ ሠራተኞች ዓይን የተፈቀደው ዓመታዊ ገደብም ከ150 ሚሊሲቨርት ወደ 20 ሚሊሲቨርት እንዲቀንስ ኮሚሽኑ አሳሰበ። የ20ው ገደብ የአምስት ዓመት አማካይ ሲሆን በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም።

ሕመምተኛው የሚያገኘውን በተጨባጭ እንመልከት። የልብን ደም ሥሮች ለመመርመር የሚደረግ አንጂዮግራፊ ለመላ ሰውነት በአማካይ 7 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ ስቴንት ማስገባት ደግሞ 15 ገደማ እንደሚሰጥ ይገመታል። አንድ ሰው ከአፈርና ከሰማይ ከሚመጣ የተፈጥሮ ጨረራ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሚያገኝ፣ አንዱ አንጂዮግራፊ ከሦስት ዓመት የተፈጥሮ ጨረራ ጋር ይቀራረባል። ይህ ለመላ ሰውነት የተሰላ ነው። ዓይን የሚያገኘው ከደረት ተበትኖ የሚደርሰውን ጥቂት ብቻ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ዓይኑ በጨረራው መስመር ሲገባ ለሌንሱ ከ30 እስከ 60 ሚሊግሬይ ሊሰጥ ይችላል፤ የልብ ሕክምና ግን ጭንቅላትን አያነሳም።

ከዓይን ይልቅ ሕመምተኛውን ሊያሳስበው የሚገባው የደረትና የጀርባ ቆዳ ነው። ሕክምናው ረዝሞ ቆዳው 2 ግሬይና ከዚያ በላይ ሲያገኝ መቅላት ሊታይበት፣ መጠኑ ከፍ ሲልም ቁስል ሊፈጠር ይችላል። ማሽኑ ያስመዘገበው መጠን 5 ግሬይ ሲደርስ ሕመምተኛው ክትትል እንዲደረግለት ይመከራል። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ የሚወጣ በመሆኑ ሰውየው በዚያን ጊዜ ሸነን ወይም ጌዶ ሊገኝ ይችላል። የጤና ጣቢያው ባለሙያም ምንጩን ሳያውቅ ለሌላ ሕመም የሚሆን ቅባት ሊያዝ ይችላል።

ሕፃናትን በተመለከተ ጥንቃቄው ይለያል። የሕፃን አካል ትንሽ በመሆኑ ዓይኑ ከደረቱ ብዙም አይርቅም፤ የጨረራው መስክ በሚገባ ካልጠበበ ወደ አንገትና ወደ ፊት ሊሰፋ ይችላል። ሌንሱም ገና በማደግ ላይ ነው። በተፈጥሮ የልብ ችግር ያለበት ሕፃን ደግሞ እያደገ ሲሄድ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊታከም ይችላል። በአገራችን የሕፃናት የልብ ሕክምና ትልቁን ምዕራፍ የከፈተው በ1981 ዓ.ም. በዶክተር በላይ አበጋዝ የተመሠረተው ማኅበር ነው። ማኅበሩ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ያቋቋመው የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በቶንሲል ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ በሽታ በአገራችን ወጣቶች ላይ በስፋት የሚታይ ሲሆን፣ የጠበበ የልብ በርን በፊኛ ማስፋት ከካቴተር ሕክምናዎች አንዱ ነው። የጠበበ የልብ በር ያላት ወጣት ሕክምናውን ዓይኔን ያጠፋል ብላ ብትተወው ልብ ድካም፣ የአንጎል ደም ሥር መዘጋት፣ በወሊድ ጊዜም ሞት ሊያጋጥማት ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከጨረራው ይልቅ ስለ ጨረራው የሚነገረው ወሬ ለእርሷ አደገኛ ነው። ራጁ ሲጠፋ ጨረራው ወዲያው ያበቃል፤ በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ልጅም ሆነ ወደ ትዳር ጓደኛ አይተላለፍም።

ከዚሁ ጋር አንድ ማስታወሻ ይጨመር። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ የዓይነ ስውርነት ምክንያት ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ዕድሜ፣ የስኳር በሽታና ለረጅም ጊዜ የተወሰደ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ሌንስን ያደበዝዛሉ። የስኳር ሕመምተኞች ለልብ ሕመምም ተጋላጭ ናቸው፤ ፕሬድኒሶሎንም በሩማቲክ ትኩሳት ልባቸው ለተቆጣ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ልቡን የታከመ ሰው ከዓመታት በኋላ ዓይኑ ቢደበዝዝ ጥፋቱ የጨረራው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚድን መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የባለሙያዎቹ ነገር ግን ሌላ ነው። ከሕመምተኛው ደረት ተመልሶ የሚበተነው ጨረራ አጠገቡ የሚቆመውን ሐኪም ፊት ያገኘዋል፤ የጨረራው ምንጭ ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል ስለሚሆን የግራ ዓይን ይበልጥ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጡ ሁለት ጥናቶች በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከተመረመሩ የልብ ሐኪሞች 38 በመቶው፣ በማሌዥያ ኩዋላ ሉምፑር ደግሞ 52 በመቶው በሌንሱ የኋላ ክፍል ለውጥ ታይቶባቸዋል። ከጨረራ ጋር ባልሠሩ ሰዎች ላይ የተገኘው 12 እና 9 በመቶ ብቻ ነበር። በኩዋላ ሉምፑር ከተመረመሩ ነርሶችም 45 በመቶው ለውጡ ታይቶባቸዋል። የአብዛኞቹ ለውጥ ገና ዕይታን ያላወከ ቢሆንም ሥራቸውን ለሚቀጥሉ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ነው።

መከላከያው በአመዛኙ ቀላል ነው። የእርሳስ ልብስ ደረትን እንጂ ዓይንን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ከጣሪያ የሚንጠለጠል የእርሳስ መስታወትና የጎን መከላከያ ያለው የእርሳስ መነጽር ያስፈልጋል። ርቀትም ይረዳል፤ ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጨረራ ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። የሥዕሉን ብዛት በሴኮንድ ከ15 ወደ 7.5 ማውረድና የጨረራውን መስክ ማጥበብ ሐኪሙንም ሕመምተኛውንም ይጠቅማል። ደረት ላይ የሚንጠለጠለው መለኪያ የዓይንን መጠን በትክክል ስለማያሳይ ሌላ መለኪያ ከግራ ዓይን አጠገብ ወይም ከልብሱ ውጭ በአንገት ላይ ሊደረግ ይገባል። መስታወቱ ተገዝቶ ወደ ጎን ከተገፋ ግን ዋጋው ከመጋረጃ አይበልጥም።

ሕጉ በአገራችን አዲስ አይደለም። የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79 በ1986 ዓ.ም.፣ በሥራ ላይ ያለው የጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025 ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ወጥተዋል። የቁጥጥሩ ሥልጣን በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ወደ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተላልፏል። የጎደለው በአመዛኙ ወረቀቱ ነው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ሕክምና የተሰጠውን መጠን ራሱ ይመዘግባል፤ ያ አኃዝ ግን ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ወደ አምቦ በሚላከው የሪፈራል ምላሽ ላይ ካልሰፈረ በቀጣይ ሕክምና ጊዜ ማንም ሊደምረው አይችልም። ለጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል ኃላፊዎች ሥራው ከባድ አይደለም። በምላሽ ቅጹ ላይ ለጨረራው መጠንና ለሕክምናው ቀን አንድ መስመር መጨመር፣ መጠኑ 5 ግሬይ ከደረሰ ደግሞ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ጀርባውን በሁለትና በአራት ሳምንት እንዲያይ ማሳወቅ ነው። የዓይን ምርመራ የሚያስፈልገው ተደጋጋሚ ሕክምና ላደረጉ ሕፃናትና ለካቴተር ክፍል ሠራተኞች ሲሆን፣ ለሠራተኞቹ ገና ሥራ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ተደርጎ ውጤቱ በፋይላቸው ሊቀመጥ ይገባል።