የደረት ሕመምና ትሮፖኒን፦ ሁለተኛው የደም ናሙና ለምን ይጠበቃል?

በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ በሚገኘው ሬክስዴል፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራ የጀመረው የኢቶቢኮ ጄኔራል ሆስፒታል ለአካባቢው ነዋሪ ቅርብ የሆነ የድንገተኛ ሕክምና መዳረሻ ነው። በሰፈሩ ከአፍሪካ ቀንድ፣ ከደቡብ እስያና ከካሪቢያን የመጡ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም በመጋዘንና በፋብሪካ ፈረቃ፣ በታክሲና በጭነት መኪና ሥራ ይተዳደራሉ። አንድ ሰው ደረቱን አሞት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ በአብዛኛው ኢሲጂ የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሣል፣ ደም ይወሰድለታል፣ ከዚያም እንዲጠብቅ ይነገረዋል። ከአንድ ወይም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደም በድጋሚ ይወሰዳል። የብዙ ሰው ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ደኅና ከሆነ ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?

መልሱ ያለው «ትሮፖኒን» በሚባል ፕሮቲን ውስጥ ነው።

የልብ ጡንቻ ምስክር

ልብ በተመታ ቁጥር ካልሲየም ወደ ጡንቻ ሕዋሳቱ የሥራ ክሮች ይደርሳል። ትሮፖኒን በእነዚህ ክሮች ላይ እንደ በር ጠባቂ ተቀምጦ፣ ካልሲየም ሲደርስ ጡንቻው እንዲኮማተር ይፈቅዳል፤ ካልሲየም ሲርቅ ደግሞ ይከለክላል። ሦስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ትሮፖኒን አይ እና ትሮፖኒን ቲ የተባሉት ሁለቱ በልብ ውስጥ የሚገኙበት ቅርጽ በእጅና በእግር ጡንቻ ካለው ይለያል። ለልብ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ሲዘጋና ሕዋሳቱ ሲጎዱ ይህ ፕሮቲን ወደ ደም ይፈስሳል። በደም ውስጥ ከወትሮው በላይ መገኘቱ የልብ ጡንቻ ለመጎዳቱ ምስክር ነው።

ሐኪሞች እዚህ የደረሱት ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኒው ዮርክ የነበሩ ተመራማሪዎች በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ሕመም በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ አንድ ኢንዛይም እንደሚጨምር አሳዩ። ኢንዛይሙ ግን ከጉበትም ስለሚወጣ አሳሳች ነበር። በኋላ የመጣው ሲኬ የተባለ ኢንዛይምም በሌላ ጡንቻ ጉዳት ይጨምራል። ትሮፖኒንን ራሱን በ1960ዎቹ ያገኘው ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀርመኑ ሐኪም ሁጎ ካቱስና ባልደረቦቹ በደም ውስጥ የሚለካበትን ዘዴ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የሃርት አታክን ትርጓሜ በዋናነት በትሮፖኒን ላይ መሠረቱ።

የዛሬው መለኪያ እጅግ ረቂቅ ነው። ከትሮፖኒን ጋር ብቻ እንዲጣበቁ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት ፕሮቲኑን ከደሙ ይለቅማሉ፤ ከዚያም የሚሰጡት ብርሃን ይለካል። በሰፊው ከሚሠራባቸው መለኪያዎች በአንዱ የጤነኛ ሰው ከፍተኛ ወሰን 14 ናኖግራም በሊትር ነው። ይህ መጠን 2.5 ሚሊዮን ሊትር በሚይዝ የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከአንድ ቁንጥር ጨው ያነሰ ነገር ሟሙቶ እንደማግኘት ነው።

ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ጉዞው

መለኪያው ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን ጊዜን መቅደም አይችልም። ትሮፖኒን ከተጎዳው ሕዋስ ወጥቶ በደም ውስጥ እስኪታይ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ሕመሙ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የተወሰደ ደም «ደኅና» ቢመስል አያስደንቅም፤ ጉዳቱ ገና አልተመዘገበም። ከዚያ በኋላ ፕሮቲኑ ይጨምራል፣ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፣ ለቀናት ሳይጠፋም ይቆያል።

ስለዚህ ሐኪሞች የሚያነቡት ለውጡን ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለዚሁ መለኪያ ያስቀመጠው የአንድ ሰዓት ስሌት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የመጀመሪያው ውጤት ከ12 በታች ሆኖ በሰዓት ውስጥ የጨመረው ከ3 ካነሰ ሃርት አታክ የመሆኑ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው። የመጀመሪያው 52 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም በሰዓት 5 እና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ታማሚው በቀጥታ ወደ ልብ ሕክምና ይመራል። በመካከል ያሉት ክትትል ይደረግላቸዋል።

ሁለት ሰዎች እኩል 30 ይዘው ገቡ እንበል። አንደኛው ከሰዓት በኋላም 30 ነው፤ ለረጅም ጊዜ በቆየ የኩላሊት ሕመም ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ሁለተኛው 41 ሆኗል፤ ልቡ በዚያች ሰዓት እየተጎዳ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ያለ ሁለተኛው ናሙና ሁለቱን መለየት አይቻልም። ቁጥሮቹ እንደ መሣሪያው ስለሚለያዩ የአንዱን ሆስፒታል ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይገባም።

ከፍ ማለቱም ደኅና መሆኑም የመጨረሻ ቃል አይደለም

የልብ ጡንቻ ብግነት፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ ልብ ደም የመግፋት አቅሟን የምታጣበት የልብ ድካም፣ ሌላው ቀርቶ የማራቶን ሩጫ ትሮፖኒንን ሊጨምሩ ይችላሉ። በአንጻሩ ደግሞ ትሮፖኒን ሳይጨምር የዋናው የደም ቧንቧ ግድግዳ ሊሰነጠቅ ወይም የልብ ቧንቧ ለመዘጋት ሊቃረብ ይችላል። ኢሲጂ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ካሳየ ደግሞ የደም ውጤት አይጠበቅም፤ ቧንቧው ወዲያው ይከፈታል። ታማሚው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ እንዲነሣ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን በብዛት ሲወሰድ አንዳንድ መለኪያዎችን በማሳሳት ትሮፖኒን ከእውነቱ በታች እንዲታይ ያደርጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። የሚወሰድ ነገር ሁሉ ለሐኪም መነገር አለበት።

«ጨጓራዬ ነው» እና «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት»

ለአማርኛ ተናጋሪዎች አደጋው ከላቦራቶሪው በፊት ሊጀምር ይችላል። ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ወይም «ብርድ» እየተባለ በቤት ውስጥ ይቆያል። «ልቤን አቃጠለኝ» የሚለው አነጋገርም ብዙውን ጊዜ የጨጓራ አሲድን እንጂ ልብን አያመለክትም፤ ቃል በቃል ሲተረጎም አድማጩን ያምታታል። ሃርት አታክ ግን ራሱ እንደ ማቃጠል ወይም እንደ ማቅለሽለሽ ሊሰማ ይችላል። በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የመንጋጋ ወይም የክንድ ሕመም ሆኖ ሊገለጥ ይችላል። የሚታየውን እንዳለ መግለጽ ይሻላል፦ የት እንደሚያም፣ እንደ መጫን ወይም እንደ መውጋት መሆኑን፣ ወዴት እንደሚዘልቅ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሰዓት አነጋገር ነው። በመመሪያው መሠረት የመጀመሪያው ትሮፖኒን ከ5 በታች ከሆነና ሕመሙ ከጀመረ ከ3 ሰዓት በላይ ካለፈ፣ አንድ ናሙና ብቻ ሃርት አታክ አለመሆኑን ለማመን ሊበቃ ይችላል። አንዲት እናት ሕመሙ የጀመራቸው «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ነው ብለው፣ አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ልጃቸው ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው፣ ነርሷ የምትመዘግበው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ነው። እናትየው ግን በካናዳ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ማለታቸው ነበር። ሆስፒታል የደረሱት በካናዳው ዘጠኝ ተኩል ከሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ በልባቸው ላይ ግን ያለፈው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ያ ዝቅተኛ ውጤት ደኅንነትን ሳይሆን ገና መጀመሩን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ከመናገር ይልቅ «ከጀመረኝ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖኛል» ማለት ስሕተቱን ከሥሩ ያስቀራል።

የደረት ሕመም በድንገት ሲጀምር 911 መደወል ይገባል፤ በራስ መኪና መሄድ አይመከርም። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው የቋንቋውን ስም «አምሃሪክ» ብሎ በመናገር አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። ሆስፒታል ከተደረሰ በኋላ ፈረቃ ቢቃረብ፣ ሕመሙም ቢቀልል፣ ሁለተኛው ደም ተወስዶ ውጤቱ ሳይነገር መውጣት አይገባም። የግድ መሄድ ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ አሳውቆ፣ ምን እንደቀረው ጠይቆና ሕመሙ ቢመለስ ወዲያው እንደሚመለስ ተስማምቶ ይሂድ።