በፐርል መኪና ላይ ከግጭቱ ይልቅ ቅቡ ዋጋ ያወርዳል

የጥገናውን ቀለም በተጎዳው አካል ብቻ መወሰን ለጊዜው ወጪ ይቆጥባል፤ መኪናው ሲሸጥ ግን ያስከፍላል

ነጭ ፐርል ቀለም ያለው አውቶሞቢል ቀላል ግጭት ሲደርስበት ጉዳቱ ከአንድ ፓራፋንጎ ላያልፍ ይችላል። ባትላሜራው ብረቱን ያቃናል፤ ቀለም ቀቢው ይቀባል፤ ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ መኪናውን ይረከባል። ጉዳዩ እንደገና የሚነሳው መኪናው ለሽያጭ በቀረበ ዕለት ነው። ገዢው ፀሐይ ላይ አቁሞ በጎን ሲመለከተው በሩ ነጭ፣ ፓራፋንጎው ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኖ ይታየዋል። ከዚያ በኋላ ድርድሩ ስለ ቀለም መሆኑ ይቀርና “ይህ መኪና ምን ደርሶበታል?” ወደሚለው ይዞራል። ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ገበያ ክብደት ያገኘበት ምክንያት አለ። በከተማው የግል መኪና ከመጓጓዣነቱ በተጨማሪ እንደ ቤትና እንደ ወርቅ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሀብት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ሲገለጽ፣ ቀድሞ የገባው መኪና ይዞታ ይበልጥ ትኩረት ሳበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ቀለም፣ ክሊርና ቲነር በብር ሲተመን ተወደደ። ስለዚህ ለጥገናው የሚወጣው ወጪም ሆነ በጥገናው ጉድለት የሚታጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

ሦስት ንብርብር

ተራው ነጭና ፐርል ነጭ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው። ለምሳሌ በቶዮታ መኪናዎች ላይ 040 የሚል ቁጥር ያለው ቀለም አንድ ወጥ ነጭ ሲሆን፣ 070 የሚለው ግን ፐርል ነጭ ነው። የመጀመሪያውን ቀለም ቀቢው በትክክል ከበጠበጠው እስኪሸፍን ድረስ ይረጨዋል፤ አንድ ዙር ቢጨምርም ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ሁለተኛው ሦስት ንብርብር ይፈልጋል። ከሥር ነጭ መነሻ ቀለም ይቀባል፤ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ የፐርል ቀለም ይረጫል፤ በመጨረሻም ክሊሩ ይደረብበታል።

ብልጭታው የሚገኘው ከመካከለኛው ንብርብር ነው። በዚህ ቀለም ውስጥ ያለው ዱቄት እጅግ ሥሥ ከሆኑ የማይካ ማዕድን ቅንጣቶች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ቅንጣቶቹ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበጡ ናቸው። በብርማ ቀለም ውስጥ የሚገባው የአሉሚኒየም ቅንጣት እንደ ትንሽ መስተዋት ብርሃኑን መልሶ ይወረውራል። የፐርሉ ቅንጣት ግን ከፊሉን ብርሃን ይመልሳል፣ ከፊሉን ያሳልፋል። ያለፈው ብርሃን ከሥሩ ነጭ ቀለም ላይ አርፎ ይመለሳል። ዓይን የሚያየው የሁለቱን ድምር ነው። በዚህም ምክንያት አንድ መኪና ፊት ለፊት ሲታይ አንድ መልክ፣ በጎን ሲታይ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ከዚህ አሠራር የሚመነጨው ችግር ግልጽ ነው። የመካከለኛው ንብርብር በሁለት ዙር ሲረጭና በአራት ዙር ሲረጭ ውጤቱ አንድ አይሆንም። በነጭ ፐርል ላይ ዙሩ በበዛ ቁጥር ቀለሙ በጎን ሲታይ ይጠቁራል ወይም ወደ ቢጫ ያደላል። ከአንድ ቆርቆሮ የተቀዳ፣ በአንድ ሚዛን የተለካ ቀለም በሁለት ቀለም ቀቢዎች እጅ ሁለት መልክ ሊወጣው የሚችለው ለዚህ ነው።

ኮዱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም

የቀለሙ ኮድ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በኮፈን ሥር በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። የቀለም መደብሩ ኮዱን ተቀብሎ ቀመሩን ያወጣል፤ በግራም እየመዘነም ይበጠብጣል። ብዙ ባለመኪናዎች ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላቸዋል።

ይሁንና አንድ ኮድ አንድ መልክ ብቻ የለውም። አንድ ሞዴል በተለያየ ዓመትና በተለያየ ፋብሪካ ሲመረት መጠነኛ ልዩነት ስለሚፈጠር፣ የቀለም አምራቾች ለአንድ ኮድ በርካታ አማራጭ ቀመሮችን ያዘጋጃሉ። መኪናው ፀሐይ ላይ የቆመበት ዘመንም የራሱን ለውጥ ያመጣል። ፕላስቲክ የሆነው ፓራውልት በብዙ ፋብሪካዎች ከብረቱ አካል ተለይቶ ስለሚቀባ፣ ከአዲስ መኪና ላይ እንኳን መጠነኛ ልዩነት ሊታይበት ይችላል።

የአረጫጨቱም ሁኔታ ቀላል አይደለም። የአየሩ ግፊት ከበዛ፣ መርጫው ከብረቱ ከራቀ ወይም ቲነሩ ለዕለቱ ሙቀት ፈጥኖ የሚደርቅ ከሆነ፣ ቀለሙ ብረቱ ላይ ሲያርፍ ደርቆ ይደርሳል፤ የቅንጣቶቹም አቀማመጥ ይለወጣል። ቀለሙ እርጥብ ሆኖ ሲያርፍ ደግሞ ሌላ መልክ ይሰጣል።

መፍትሔው የሙከራ ሰሌዳ ነው። ቀለም ቀቢው መኪናውን ከመንካቱ በፊት በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ነጩን መነሻ ይቀባል። ከዚያ ሰሌዳውን በአራት ክፍል ከፍሎ፣ ሌላውን እየሸፈነ፣ አንደኛውን አንድ ዙር፣ ሁለተኛውን ሁለት ዙር፣ ሦስተኛውን ሦስት፣ አራተኛውን አራት ዙር ፐርል ይረጨዋል። ሁሉንም በክሊር ይሸፍናል። ሲደርቅ ሰሌዳውን ከመኪናው ጎን አስጠግቶ ፊት ለፊትም በጎንም ያያል። የትኛው ክፍል እንደገጠመ ሲያውቅ ስንት ዙር መርጨት እንዳለበት ያውቃል። ንጽጽሩ በጋራዡ አምፖል ብቻ መሆን የለበትም፤ በአምፖል ሥር የተመሳሰሉ ሁለት ቀለሞች ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉና።

ይህ ሙከራ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀለምና ክሊርም ይበላል። በርካሽ ዋጋ ሥራ የወሰደ ጋራዥ መጀመሪያ የሚዘለው እርሱን ነው።

ጎረቤቱን አካል መንካት ለምን አስፈለገ?

ሙከራው በጥንቃቄ ቢሠራም ፍጹም መግጠም ብርቅ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ ቀለም ቀቢ ልዩነቱን ለማጥፋት ከመታገል ይልቅ ዓይን እንዳያገኘው ያደርጋል። ዓይን በአንድ መስመር ላይ ድንገት የሚለወጥ ቀለምን ወዲያው ይለያል፤ ቀስ በቀስ የሚለወጠውን ግን አያስተውልም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተጎዳው የፊት ፓራፋንጎ ከሆነ፣ ነጩ መነሻ በተጠገነው ቦታ ላይ ተቀብቶ ወደ ጠርዙ እየሳሳ ይሄዳል። ፐርሉ ከእርሱ አልፎ ወደ በሩ፣ እንደ ጉዳቱ ቦታም ወደ ኮፈኑ፣ እየሳሳ ይረጫል። ክሊሩ ግን በሩንም ፓራፋንጎውንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። አዲሱ ቀለም ከፋብሪካው ቀለም ጋር የሚገናኘው በሁለት አካላት መጋጠሚያ ላይ ሳይሆን በበሩ መካከል፣ መስመር በሌለበት ቦታ ይሆናል ማለት ነው።

የባለመኪናው ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። “ያልተጎዳ በሬን ለምን ትነኩብኛላችሁ?” ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የፋብሪካ ቀለም ያለው በር በራሱ ዋጋ አለውና። ይሁን እንጂ በፐርል ቀለም ላይ በሩን ላለመንካት ሲባል ፓራፋንጎውን ብቻ መቀባት፣ የጥገናውን ድንበር በማስመሪያ እንደ ማስመር ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ለስሌት እንዲመች ፓራፋንጎውን ብቻ የማቃናትና የመቀባት ዋጋ 100 ነው እንበል። በሩና ኮፈኑ መቃናትም ስቱኮም አያስፈልጋቸውም፤ የሚፈልጉት በብርጭቆ ወረቀት መታሸት፣ ጥቂት ፐርልና ሙሉ ክሊር ነው። ለእያንዳንዳቸው 50 ቢያዝ አጠቃላይ ወጪው 200 ይሆናል። ባለቤቱ በ100 ጨርሶ ቀለሙ ባይገጥምና ሥራው እንደ አዲስ ቢሠራ፣ የመጀመሪያው 100 ባክኖ በላዩ 200 ይጨመራል፤ ድምሩ 300 ነው። ሳያሠራ ቢሸጥ ደግሞ ገዢው የሚቀንሰው የቀለሙን ዋጋ ብቻ አይሆንም። ያላየውን ጉዳት፣ ሻንሲውንና አቅጣጫውን ጭምር በግምት ደምሮ ይቀንሳል።

ወጪውን ኢንሹራንስ በሚሸፍንበት ጊዜ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ኩባንያው የጋራዦችን የዋጋ ማቅረቢያ አወዳድሮ ዝቅተኛውን ቢመርጥ፣ በዝርዝሩ ላይ የሚታየው የተጎዳው አካል ብቻ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት አካል ቀለም በዋጋ ማቅረቢያው ካልተጠቀሰ በኋላ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ክርክሩ መቅደም ያለበት ከሥራው በፊት፣ የዋጋ ዝርዝሩ በሚጻፍበት ሰዓት ነው።

ከአንድ ፋብሪካ የሚመጣ ብልጭታ

የዚህ ዓይነቱ ቀለም ግብዓት ምን ያህል በጥቂት አምራቾች እጅ እንደሆነ በእ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 በጃፓን የደረሰው የምድር መናወጥና ሱናሚ አሳይቷል። የጀርመኑ መርክ ኩባንያ ዢራሊክ የተባለውን የሚያብለጨልጭ ዱቄት ያመርት የነበረው በኦናሃማ ከተማ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ብቻ ነበር። ፋብሪካው በአደጋው ሥራ ሲያቆም የአሜሪካዎቹ ፎርድና ክራይስለር በአንዳንድ ጥቁርና ቀይ ቀለሞች የሚቀርብላቸውን ትእዛዝ ለመገደብ ተገደዱ። ማምረቱ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ቀጠለ፤ መርክም በጀርመን ሁለተኛ የማምረቻ መስመር ከፈተ።

ግዙፎቹ የመኪና አምራቾች በአንድ ዱቄት እጥረት ከተቸገሩ፣ በጥቂት ግራም የሚገዛው የጥገና ገበያ ለአቅርቦት መዋዠቅ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ አያስገርምም። ትክክለኛው ዱቄት ሲጠፋ “የሚቀራረብ” ሌላ ማስገባት ይመጣል። የሚቀራረበው ቀለም ደግሞ ፊት ለፊት ገጥሞ በጎን የሚከዳው ነው።

ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው ይገምታል

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በእ.ኤ.አ. 1970 ባሳተሙትና በ2001 ለተጋሩት የኖቤል ሽልማት ባበቃቸው ጥናት ምሳሌ ያደረጉት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያ ይሸሻል።

ያልገጠመ የፐርል ቀለም በዚህ ገበያ ውስጥ እንደ ምስክር ይቆጠራል፤ ምስክርነቱ ግን የተጋነነ ነው። በአጥር የተፋቀ በርና በከባድ ግጭት የተጣመመ አካል ካልገጠመ ቅብ ጀርባ አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያም ሁሉን አይመልስም። በብዙ የእስያ መኪናዎች ላይ የፋብሪካ ቀለም ውፍረት ከ80 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል፤ ሦስት ንብርብር ያለው ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ንባቡ በአንድ አካል ላይ ብቻ ከፍ ካለ እንደገና ተቀብቷል፤ ከ500 በላይ ከሄደ ስቱኮ አለበት ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ጎረቤቱ በር በትክክለኛው አሠራር ክሊር ተደርቦበት ከሆነ ግን መለኪያው እርሱንም “የተቀባ” ይለዋል፤ በሩ ጉዳት ባይደርስበትም። ቶዮታም በአሜሪካ ገበያ በተወሰኑ ሞዴሎች ላይ የ040 እና የ070 ቀለም ከብረቱ እየተላጠ በማስቸገሩ የዋስትና ሽፋኑን ማራዘሙ ይታወሳል። እንዲህ ያለ መኪና ምንም ሳይጋጭ ተቀብቶ ሊገኝ ይችላል።

እውነቱን የሚለየው ማስረጃ ነው። ከጥገናው በፊትና ብረቱ ሲቃና የተነሳ ፎቶግራፍ፣ የትኛው አካል እንደተቃናና የትኛው ለቀለም ማዛመድ ብቻ እንደተነካ የሚገልጽ ደረሰኝ፣ የቀለሙ ኮድና ቀመር እንዲሁም የሙከራው ሰሌዳ ከሊብሬው ጋር አብረው ቢቀመጡ በሽያጭ ቀን ገንዘብ ናቸው።

አዳዲስ መኪናዎችን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከፓራውልቱ ጀርባ የራዳር መሣሪያ ያላቸው መኪናዎች በርክተዋል። በብረታማ ወይም በፐርል ቀለም ላይ ደጋግሞ መደረብ የመሣሪያውን ሥራ ሊያውክ ስለሚችል፣ ከመቀባቱ በፊት የአምራቹን መመሪያ ማየት ይገባል።

ባለመኪናው ጋራዥ ሲመርጥ ሦስት ጥያቄ ይበቃዋል፦ የሙከራ ሰሌዳ ይሠራል ወይ? ጎረቤቱ አካል በዋጋው ውስጥ ገብቷል ወይ? ርክክቡ በቀን ብርሃን፣ ፀሐይ ላይ ይሆናል ወይ? ለሦስቱም አዎንታዊ መልስ የሰጠ ጋራዥ ርካሹ ላይሆን ይችላል። መኪናው ሲሸጥ የሚታጣው ዋጋ ከሒሳቡ ጋር ሲደመር ግን ውድ የሚሆነው ሌላኛው ነው።