አንድ ሰው ሁለት ጊዜ «ተመላሽ»

ወሎ ውስጥ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ መጠለያ የተፈናቃዮችን መዝገብ ስናመሳክር አንዲት ሴት ሁለት ቦታ ተጽፋ አገኘን። ከወለጋ የመጣች ጊዜ «ወደ ትውልድ አካባቢ ተመላሽ» ተብላለች። በ2016 ዓ.ም. ተፈናቃዮችን ወደ ወለጋ የመመለሱ ሥራ ሲጀመር ደግሞ በሌላ ዝርዝር «ወደ ቀዬ ተመላሽ» ተብላለች። ስሟ ያው፣ የልጆቿ ቁጥርም ያው ነው። ወደ ሐይቅ ስትመጣም ተመላሽ፣ ከሐይቅ ስትሄድም ተመላሽ። መዝጋቢዎቹን ስጠይቅ «ምን ችግር አለው፣ አባቷ እኮ የአምባሰል ሰው ናቸው» አሉኝ። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሴትዮዋን ራሷን አነጋግሬያታለሁ። «እህቴ፣ ትውልድሽ የት ነው?» ስላት «ወለጋ፤ ኪረሙ» አለች። «አገርሽስ?» ስላት ደግሞ ጥያቄው ራሱ ገርሟት «ማሳዬ ያለበት ነዋ! በቆሎዬን ሳላነሳ ነው እኮ የወጣሁት» አለችኝ። አባቷ የመጡበትን የወሎውን አምባሰልን ከመፈናቀሏ በፊት በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«ወሎዬ ወሎ ገባ፤ አገሩ ነው፤ ዘመድ ይቀበለዋል።» ይህን በስብሰባ እሰማለሁ፣ በሥልጠና እሰማለሁ፣ በሬዲዮም እሰማለሁ። የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አብዛኞቹ ማጽናናታቸው ነው። ግን ከዚህ አባባል የሚነሣ ዕቅድ ሁሉ ከመጀመሪያው ስለሚጣመም ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኛል።

ከሰፈራው ታሪክ ልጀምር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። ከፊሉ በመተከል፣ በአሶሳ፣ በጋምቤላ፣ በወለጋዎቹ ቄቶና አንገር ጉትን በትልልቅ መደበኛ ሰፈራዎች ገባ። ሌላው በየገበሬ ማኅበሩ መካከል ጎጆ እየተቀለሰለት ተሰገሰገ፤ ሰግሰጋ የሚባለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያውቀው ድርቅ የነቀለውና መንግሥት የጫነው ሕዝብ ታሪክ አድርጎ ብቻ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስት በቄቶ ሰፋሪዎች መካከል ተቀምጦ ባጠናው ጥናት ግን ምክንያቱ አንድ እንዳልነበረ አሳይቷል። በካድሬ ግፊት የሄደ አለ፤ የተታለለ አለ፤ ርቦት የሄደ አለ። መሬት ስለጠበበውና ከቤተሰብ ስለተጣላ «እስቲ ደግሞ እሱን ልየው» ብሎ የተነሣ ጎረምሳም አለ። ስለዚህ «ድርቁ ሲያልፍ ይመለሳል» የሚለው ስሌት ያኔም ልክ አልነበረም።

ደርግ ሲወድቅ በ1983 ዓ.ም. ብዙ ሰፋሪ ወደ ወሎ መጣ። ከመጣው ውስጥ ደግሞ መሬቱ በሌላ ተይዞ ስላገኘው ዞሮ ወለጋ የገባ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ማንም አላዘዘውም፤ ወንድም ወንድሙን ጠራ፣ ምራት አማቷን ተከተለች፣ ከተሁለደሬና ከአምባሰል ወረዳዎች እየተነሣ በራሱ ወጪ የሄደው ጥቂት አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. ከጊዳ ኪረሙ የተፈናቀሉት ወደ ጎጃሟ ቡሬ ሸሹ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በወለጋ የደረሰው ግድያ፣ በተለይም ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ ብዙ ቤተሰቦችን ሐይቅ አካባቢ ወዳሉት የጃሪና የቱርክ ካምፕ መጠለያዎች አደረሳቸው። እንዲህ ያለው መመላለስ በፍልሰት ጥናት አዲስ አይደለም፤ ጀርመን ተወላጁ የጂኦግራፊ ምሁር ራቨንስታይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ለንደን ላይ የፍልሰት ሕጎቹን ሲያወጣ አንዱ ሕግ እያንዳንዱ ትልቅ የፍልሰት ጅረት ተቃራኒ ጅረት ይወልዳል የሚል ነበር። ያጠናው ብሪታንያን ነው፤ ለወሎና ለወለጋ ግን የበለጠ ይሠራል። እሱ ያላነሣው አንድ ነገር አለ፦ በተቃራኒው ጅረት የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ያው የሄደው ሰው አይደለም፤ ልጁ ነው።

የሴትዮዋን ጉዳይ በቆጠራ አሠራር እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንድ ሰው ፈላሽ መሆኑ የሚለየው ከተወለደ ጀምሮ እዚያው ኖሮ እንደሆነና፣ ካልኖረ ደግሞ ከየት እንደመጣ በመጠየቅ ነው። ያች ሴት በዚያን ጊዜ ልጅ ነበረች፤ ከተወለደችበት ቀበሌ አልወጣችም። ስለዚህ በመንግሥት ስታቲስቲክስ ፈላሽ አይደለችም፤ የኪረሙ ነባር ኗሪ ናት። ሐይቅ ስትደርስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈለሰች ማለት ነው። ተመላሽ የሚባሉት አባቷ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በሕይወት የሉም። ይህን ለባለሙያ ማስረዳት አይኖርብኝም ነበር፤ ግን ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ሲዘረጋ የአባት አገር ከልጅ አገር ጋር ይደባለቃል።

ይህ መደባለቅ በመዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም። ሴትዮዋ መጀመሪያ የሄደችው ውጫሌ አቅራቢያ ያለ አጎቷ ቤት ነው፤ «ዘመድ ይቀበለዋል» ተብሎ የለ? አጎቷ በእርግጥ ተቀብሏታል። ያለው ግን ሁለት ጥማድ የማይሞላ መሬት ነው፤ ያንንም ሊካፈሉ የሚጠብቁ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወለጋ የነበረ ሰው ምንም አልደረሰውም፤ ከዚያም ወዲህ መሬት በአብዛኛው የሚገኘው በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ነው። ጥቂት ወራት እንደቆየች የአጎት ልጆች «የአባቷን ድርሻ ልትጠይቅ ነው» ብለው መስጋት ጀመሩ። እሷ አልጠየቀችም። የአጎቷ ሚስት የይዞታ ደብተሩን ከሳጥን አውጥታ ሌላ ቤት ስታስቀምጥ ግን አየች። ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያው ሄደች። አጎትየውን አልወቅስም። ተሁለደሬና አምባሰል በዚያው በ1999 ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው፤ አብዛኛው መሬታቸው ደግሞ ተራራና ገደል ነው። የአርዲቦንና የሐይቅን ሐይቆች የሚከቡት ማሳዎች ወንድማማችን እንኳ ሊያካፍሉ የማይችሉ ሆነዋል። ችግሩ ዘመድን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት አድርጎ የሚቆጥረው ዕቅድ ነው።

ልጆቹም አሉ። ትልቁ ልጇ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው። ሐይቅ ሲመጣ «አማራ አይደል፣ አማርኛ ይናገራል» ተብሎ አምስተኛ ክፍል ገባ። በእርግጥም ይናገራል፤ ፊደሉን ግን አያነብም። አስተማሪው ሰነፍ ነው ብሎ ከኋላ አስቀመጠው። ልጁ ከሌላ የትምህርት ሥርዓት የመጣ አዲስ ፈላሽ ነው ብሎ የመዘገበ ቢኖር ኖሮ የፊደል ማካካሻ ትምህርት ይሰጠው ነበር። ለተመላሽ ግን ማካካሻ አይታሰብለትም።

ከዓረብ አገር በሚመጡትም ላይ ያው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ብዙ የወሎ ወጣቶች ተመለሱ ተባለ፤ ጉዳዩም የተዘጋ መሰለ። ብዙዎቹ ግን ዳግመኛ በባቲና በሚሌ አድርገው ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ወደብ ጀልባ ሲጠብቁ ተገኝተዋል። መምጣትን የፍልሰት መጨረሻ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህ ሁልጊዜ ድንገተኛ ይሆንበታል።

አሁን ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ዞሯል። ወለጋ መመለስን የሚደግፉ ሰዎች «ቀያቸው ነው» ሲሉ፣ ከኔ ክርክር ጋር የሚስማማ ይመስላቸዋል። አይስማማም። ማሳዋ ያለው ኪረሙ ነው ማለት ነገ በአውቶቡስ ትጫን ማለት አይደለም። ማሳው አሁን በማን እጅ እንዳለ፣ ጎረቤቶቿ ተመልሰው እንደሆነ፣ ሌሊት ማን እንደሚጠብቅ ሳይጣራ መላክ አባቷ በ1977 ከተጫኑበት አውቶቡስ በምን ይለያል? ብዙ የጃሪ ተፈናቃዮች ሲያመነቱ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ተመለሽ የሚላት ወገን ሁሉ ስለ መሬቷ፣ ስለ ደኅንነቷና ስለ ልጆቿ ትምህርት የመጠየቅ ግዴታውን የሚያልፍበት መንገድ ያገኛል። ሐይቅ ላይ ለዘመድ ተዋት፤ ወለጋ ላይ ለዕጣዋ።

መዝገብ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ልመናዬ ይህ ነው። «ተመላሽ» የሚለውን አምድ አውጡትና በምትኩ የት እንደተወለደ፣ ከመፈናቀሉ በፊት የት ይኖር እንደነበር፣ እዚያ መሬት ወይም ቤት እንደነበረው፣ አሁን የት መኖር እንደሚፈልግ ጠይቁ። የልጆቹን ደግሞ ለየብቻ ጻፉ፤ በአባታቸው ረድፍ አትጨምሯቸው። አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ እስኪካሄድ ድረስ ስለነዚህ ሰዎች ያለን እውቀት በአብዛኛው በየመጠለያው በእስክሪፕቶ የምትጽፉት ነው።