የበጋ እንግዶች በባሮ ዳርቻ

«ክረምት» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ወቅትን አያመለክትም። በእኛ ዘንድ ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን ክረምት የሚባሉት ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ናቸው። በእነዚህ ወራት በዚያ ውሃው በረዶ ይሠራል፤ ነፍሳትም ከምድር ገጽ ይጠፋሉ። ስለዚህ ብዙ ወፎች ብርዱ ሳይጸና ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ። ከዚያ ክረምት የሸሹት ለእኛ የበጋ እንግዶች ናቸው ማለት ነው።

የባሕር ጠረፍ ያላቸው ሕዝቦች ፈላሽ ወፎችን ከባሕር ዳር ሆነው ይመለከታሉ። ጋምቤላ ባሕር ባይኖራትም ባሮ አላት። ባሮ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ አባይ ይቀላቀላል። በበጋ ወንዙ ሲጎድል አሸዋውና ጭቃው ይገለጣል። በዚያን ጊዜ ሆዷ ቢጫ የሆነች ጅራተ ረጅም ወፍ በዳርቻው ስትመላለስ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀችው ደግሞ ከውሃው በላይ ነፍሳትን ስታሳድድ ልታዩ ትችላላችሁ። ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን እንግዳ ሳይሆን ነባር የባሮ ነዋሪ ነው።

ወፎች እንዲህ ያለ ሩቅ ጉዞ ማድረጋቸው በምን ታወቀ? ቀድሞ አንዳንድ አውሮፓውያን ወፎቹ ክረምቱን በጭቃ ውስጥ ተደብቀው የሚያሳልፉ ይመስላቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. ግን በሰሜን ጀርመን አንድ ነጭ ሽመላ ተገደለ። በአንገቱ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከአፍሪካ እንጨት የተሠራ ጦር ተሰክቶ ተገኘ። ወፉ አፍሪካ ደርሶ መመለሱን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገም።

ወፎችን ለመመልከት በቡድን ስትሄዱ የሚከተለውን ልብ በሉ። ማለዳ ተነሡ፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። በባሮ ውስጥ አዞ ስላለ ወደ ውሃው ጫፍ አትቅረቡ፤ ከፍ ካለው ዳርቻ ሆናችሁ ተመልከቱ። ሥራውን ተከፋፈሉ፦ አንዱ ይመልከት፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ይመዝግብ። መንጋው ብዙ ከሆነ አስሩን ቆጥራችሁ፣ ያ መጠን በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ገምቱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውንም ጻፉ። ስሙን የማታውቁትን ወፍ በቀለሙ፣ በምንቃሩና በአካሄዱ ግለጹት እንጂ ስም አትፍጠሩለት።

የአንድ ቀን መዝገብ ብዙ አይናገርም። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ቦታ የተያዘ መዝገብ ግን እንግዶቹ መብዛታቸውን ወይም መመናመናቸውን ያሳያል። ፈላሽ ወፍ የሚኖረው በሁለት አገር ነው። በዚያ የሚፈለፈልበት ስፍራ ቢጠበቅም፣ በዚህ የሚመገብበት ዳርቻ በቆሻሻ ከተሞላ ወፉ ይጎዳል። ስለሆነም የባሮን ዳርቻ በንጽሕና መያዝ በሩቅ አገር የሚኖሩ ሰዎች የሚጠባበቁትን ወፍ በደኅና መመለስ ነው።