የከተማ አውቶቡስ በዘይት ስለ መሄዱ የተሰጠ ማብራሪያ

ከከሰላ ተነሥቶ ወደ ገዳሬፍ የሚሄደው አውቶቡስ በኸሽም ኤል ቂርባ በኩል ያልፋል። ስሙን «የውሃ ስልቻ አፍ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ በ1964 የተፈጸመው የአትባራ ወንዝ ግድብ በዚያ መሠራቱ ስሙን ይበልጥ አስማማው። ከግድቡ ውሃ የሚጠጣው የአዲሱ ሐልፋ እርሻ ጥጥና ኦቾሎኒ ያበቅላል፤ ገዳሬፍም በሰሊጧ የታወቀች ናት። እንግዲህ አውቶቡሱ ግራና ቀኝ የሚያየው አገር የዘይት አገር ነው። ራሱ የሚጠጣው ናፍታ ግን፥ በሱዳን በ2023 በተነሣው ጦርነት ከካርቱም በስተ ሰሜን ያለው የጀይሊ ማጣሪያ ከተቃጠለ ወዲህ፥ ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚጠበቅ ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ «ዘይት በደጃችን እያለ ስለ ምን ናፍታ እንጠብቃለን?» ብሎ የሚጠይቅ ነዋሪ ቢገኝ አያስደንቅም። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ጥንቃቄ የሚሻ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል።

ናፍታ የሚያቃጥለውን ሞተር የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በ1900 በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ከዚህ ዓይነት ሞተር አንዱ በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ይሁን እንጂ ዘይት ከናፍታ አሥር እጥፍ ያህል ስለሚወፍር ነዳጁን ወደ ሞተሩ በሚረጨው ጠባብ ቀዳዳ በደንብ አይበተንም፤ ሳይቃጠል የቀረውም ጥቀርሻ እየሆነ በሞተሩ ውስጥ ይጋገራል። ጥሬ ዘይት የጨመረ ሾፌር ለጥቂት ጊዜ ደስ ይለው ይሆናል፤ ኋላ ግን ሞተሩን ያስፈታል።

መፍትሔው ዘይቱን ማቅጠን ነው። ዘይቱ ይጣራል፥ ያለበትም ውሃ ይወጣለታል፤ ከዚያም አልኮልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮበት እየሞቀ ይማሰላል። ሲረጋ ግሊሰሪን የሚባለው ከባዱ ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ታጥቦና ደርቆ ባዮዲዝል ይባላል። 100 ኪሎ ዘይት ከ10 ኪሎ ያህል ሜታኖል ጋር ሲዋሐድ 100 ኪሎ ያህል ባዮዲዝልና 10 ኪሎ ያህል ግሊሰሪን ይሰጣል፤ ግሊሰሪኑም ሲጣራ ለሳሙናና ለቅባት ሥራ ይውላል። ነገር ግን ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው፤ እሳትም ቶሎ ይይዛል። ስለዚህ ይህ ሥራ በማንም ጓሮ የሚሞከር አይደለም።

በሕዝብ አውቶቡስ ላይ የተደረገው ፈተና ከሚታሰበው ይልቅ የቆየ ነው። በ1937 በብሩሴል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሻቫን የተባለ ሊቅ የዘንባባን ዘይት በአልኮል ለማቅጠን የሚያስችለውን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ በ1938ም አንድ አውቶቡስ በዚሁ ነዳጅ ከብሩሴል ወደ ሉቬን ሰው ያመላልስ ነበር። ያን ጊዜ የተጠቀሙበት አልኮል ሜታኖል ሳይሆን ከስኳር ተረፈ ምርት ሊወጣ የሚችለው ኤታኖል መሆኑ ለዚህ አካባቢ ልብ የሚባል ነገር ነው። በአዲሱ ሐልፋ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የስኳር ፋብሪካ ተቋቁሟል፤ በነጭ ዓባይ በኩል ያለው የከናና ፋብሪካም በ2009 ከሞላሰስ ኤታኖል ማውጣት ጀምሯል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከ2008 ጀምሮ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከመቶ 5 እጅ፥ በ2011ም ከመቶ 10 እጅ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር። ይህ የረዳው ቤንዚን የሚጠጡትን ትንንሽ መኪኖች ነው። የአንበሳ አውቶቡሶች ግን ናፍታ ስለሚጠጡ ከዚያ ድብልቅ አንድ ሊትር እንኳ አልደረሳቸውም። ለአውቶቡስ የሚሆነው ዘይት ነው፤ ኤታኖሉ ዘይቱን ለማቅጠን ብቻ ይገባል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ የትኛው ዘይት የሚለው ነው። አንድ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ያህል ይጠጣል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 60 ሊትር ይሆናል፤ ከመቶ 20 እጁ ባዮዲዝል ቢደረግ 12 ሊትር ማለት ነው። አሥር አውቶቡሶች በዓመት 300 ቀን ቢሠሩ 36,000 ሊትር ይፈጃሉ። በወር 4 ሊትር ዘይት የሚበቃው ቤተ ሰብ በዓመት የሚፈጀው 48 ሊትር ነው። ስለዚህ አሥሩ አውቶቡሶች፥ አንድ አምስተኛውን ብቻ በዘይት ቢሄዱ፥ የ750 ቤተ ሰቦችን የወጥ ዘይት ይጨርሳሉ። ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ በገዳሬፍና በከሰላ በተጠለለበት ዘመን የሰሊጥና የኦቾሎኒ ዘይት ከድስት ወደ ሞተር እንዲዞር የሚያዝዝ ሹም፥ የአውቶቡሱን ዋጋ አረከስሁ ሲል የእንጀራውን ወጥ ያስወድዳል።

«የማይበላ ተክል ይዘራ» የሚል ምክርም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ስለ ባዮ ነዳጅ የአሠራር መመሪያ ካወጣ በኋላ ጉሎና ጃትሮፋ በብዙ ስፍራ ተተክለዋል። በወላይታ ግን ገበሬዎች በቆሎና ድንች በሚያበቅሉበት ማሳ ላይ ጉሎ ዘርተው የተነገራቸውን ያህል ምርትና ገንዘብ ሳያገኙ ቀርተዋል። ዘሩ የማይበላ ቢሆንም መሬቱ የሚበላ ነገር ያበቅል ነበርና፥ ችግሩ በሌላ በር ገባ። በቆላው ዳር እስከ ዳር የሚታየው በደኖ፥ ሱዳኖች ፍሬውን ላሎብ የሚሉት፥ ከፍሬው ውስጥ ካለው እንቡጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ማረሻም አይጠይቅም። ሆኖም ፍሬው ብርቱ ዐጥንት ስላለው መሰባበሩ እጅግ ያደክማል፤ ዘይቱም ራሱ የሚበላ ነው።

የቀረው በመጥበሻ ውስጥ የጠቆረው ዘይት ነው። የኦስትርያ ከተማ ግራዝ በ1994 በሁለት አውቶቡሶች ጀምራ ከምግብ ቤቶችና ከየቤቱ የተሰበሰበውን የተጠበሰበት ዘይት ለአውቶቡሶቿ ነዳጅ አድርጋዋለች። በካናዳ ሞንትሪያልም ከመጋቢት 2002 እስከ መጋቢት 2003 ድረስ 155 የከተማ አውቶቡሶች ከመቶ 5 እና ከመቶ 20 እጅ ድብልቅ ተጠቅመው በዚያ ብርቱ ብርድ ተሳፋሪ ሲያመላልሱ ከርመዋል። ዘይቱ ከአትክልት፥ ከከብት ሞራና ከተጠበሰበት ዘይት የተሠራ ነበር። በየገበያው ጣዕሚያ የሚጠበስባት፥ በግድቡም ዳር ዓሣ የሚጠበስባት አገር ይህን ዓይነት ዘይት አታጣም፤ ብዛቱ ግን መጀመሪያ በሊትር መቆጠር አለበት።

ፈተናውን በአውቶቡስ መጀመር የሚሻለው አውቶቡስ ማታ ማታ ወደ አንድ ጋራዥ ስለሚመለስ፥ ከአንድ ታንክ ስለሚቀዳና የሚፈጀው ስለሚጻፍ ነው። ዕድሜያቸውና መሥመራቸው አንድ የሆነ አውቶቡሶች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በናፍታ ብቻ፥ ግማሾቹ በድብልቁ ቢሄዱ ልዩነቱ ይታያል። ከመቶ 20 እጅ ድብልቅ ጭሱን ይቀንሳል፤ የነዳጁም ፍጆታ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ይጨምራል።

ብዙ ፈተና የሚሰናከለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ባዮዲዝል በታንኩ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን እድፍ አጥቦ ስለሚያወርደው ማጣሪያው ይደፈናል፤ አውቶቡሱም መንገድ ላይ ይቆማል። ሾፌሩ «ዘይቱ አበላሸው» ይላል፤ ያበላሸው ግን የቀድሞው ናፍታ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቶሎ ቶሎ መለወጥ፥ በአሮጌ መኪኖችም ላይ የላስቲኩ ቱቦ መመርመር አለበት። በተጨማሪም ባዮዲዝል በሙቀት ቶሎ ይበላሻልና፥ እንደ ገዳሬፍ ባለ ሐሩር አገር በፀሐይ በቆመ በርሜል ለወራት ማከማቸት አይገባም።

ለማዘጋጃ ቤት ሹማምንት የሚቀረው የመግዣው ዋጋ ነው። ለጠቆረው ዘይት የሚከፈለው እጅግ ካነሰ፥ ጠባሹ ዘይቱን ደጋግሞ ይጠብስበታል፥ ወይም አጣርተው ለድሃ መልሰው ለሚሸጡት ይሰጠዋል። ከአዲሱ ዘይት ዋጋ ከተጠጋ ደግሞ አዲሱ ዘይት በጥቂት ጥቀርሻ ጠቁሮ በጋራዡ በር መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ዋጋው በየወሩ ከገበያው የዘይት ዋጋ ጋር እየተያየ ሊቆረጥ፥ የገባውም ዘይት ከየትኛው ምግብ ቤት ስንት ሊትር እንደ መጣ በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል።