ያልተጫነ ባትሪ

አክስቴ የሮቦት መጥረጊያቸውን ነገር ሲያጫውቱኝ፣ «ልጄ፣ እስከ ምግብ ጠረጴዛው ድረስ ይሄድና እዚያ ሲደርስ ይደክመዋል» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ አድሯል። አረንጓዴው መብራትም ሞልቷል ይላል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቻርጅ መቀበያ ብረቶቹን ነበር። ቆሽሸዋል፤ በአልኮል ጠረግኳቸው፣ ለውጥ የለም። የብሩሹ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ጸጉር ሞተሩን እያስጨነቀ ኃይል ይበላልና እሱንም በመቀስ አነሳሁት። መጥረጊያው ከጠረጴዛው ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ።

ባትሪውን አውጥቼ በቴስተር ለካሁት። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ 1.2 ቮልት የሆኑ 12 ሴሎች ተከታትለው ስለተያያዙ 14.4 ቮልት ተጽፎበታል። ቴስተሩ ወደ 16 ቮልት አነበበ፤ ከቻርጅ ለወጣ ባትሪ ደህና ቁጥር ነው። ጥርጣሬው ወደ ሰርኪዩት ቦርዱ ሊዞር ሆነ።

ግን አንድ ነገር አላስኬድ አለኝ። መጥረጊያው ደክሞ ከቆመ በኋላ ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ዳግም ይቆማል። እረፍት የሚያበረታው የደከመ ባትሪን ነው። ጭነት የሌለባት አህያ ሁልጊዜ ብርቱ ትመስላለች፤ ይህም ባትሪ እስካሁን የተለካው ሳይጫን ነው።

21 ዋት የሆነ የመኪና ፍሬቻ አምፖል አገናኘሁበት። ወደ 2 አምፔር ስለሚስብ ለባትሪው በቂ ሥራ ነው። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈዘዘ፣ ቴስተሩም ከ12 ቮልት በታች ወረደ። ሽፋኑን ገልጬ አምፖሉ እየበራ ሴሎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። አብዛኞቹ 1.2 አካባቢ ናቸው። መሃል ካሉት አንዱ ግን ከዜሮ በታች፣ በኔጌቲቭ ያነብባል! ጎረቤቶቹም እየደከሙ ነበር።

ሚስጥሩ ያለው እዚህ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች የሚያልፍባቸው ከረንት አንድ ነው። ያረጀው ቀድሞ ባዶ ሲሆን ብርቱዎቹ ከረንቱን በግድ ያሳልፉበታል፤ ያኔ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ይገለበጣል። መጥረጊያው የሚያየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ ባትሪው አልቋል ብሎ ይቆማል።

አንዱን ሴል ብቻ መቀየር አላዋጣም፤ አዲሱ ካረጁት ጋር እኩል አይሄድም። ሙሉ ባትሪ ገዛን፤ በዚያው አምፖል ሲፈተን ከ14 ቮልት በላይ ጸንቶ ቆየ፤ መጥረጊያውም ሳሎኑን ጨርሶ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

የአዳዲሶቹ መጥረጊያዎች ባትሪ በአብዛኛው ሊቲየም ነው። የአምፖሉ ፈተና ለእነሱም ይሠራል፤ ሽፋናቸውን ግን በቢላ መግለጥ አይገባም፤ በድንገት ሾርት ካደረጉ እሳት ያስነሳሉ።