አዲስ ወይስ ያገለገለ? የቤት ዕቃ ከመግዛት በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው የካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛና ከሾላ ገበያ አንሥቶ እስከ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና የእንጦጦ ግርጌ ድረስ ባሉ መንደሮች ያገለገለ ዕቃ መሸጥና መግዛት የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነው። ጠዋት ጠዋት «ቁራሌው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰብሳቢዎች ጠርሙስ፣ ብረታ ብረትና የተበላሸ ዕቃ ይገዛሉ፤ ልዋጮችም በአሮጌ ልብስና ጫማ ምትክ ሳፋና የማዕድ ቤት ዕቃ ይሰጣሉ። በዚህ መልክ ከተሰበሰበው ከፊሉ ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ፣ ተጠግኖ ወይም ወደ ሌላ መገልገያ ተለውጦ እንደገና ለሽያጭ ይቀርባል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ አቅምን ያገናዘበ አማራጭ ነው። ዕቃው ተጨማሪ ዓመታት ስለሚያገለግልም ብክነትን ይቀንሳል። ይሁንና ለወራት የተቆጠበ ገንዘብ በአንድ የተሳሳተ ግዢ ሊባክን ይችላል፤ የአንዳንድ ዕቃዎች ጉድለትም ከገንዘብ አልፎ ጤናንና ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። በመሆኑም ሸማቾች ከመግዛታቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ማገናዘብ ይገባቸዋል።

የመግዣ ዋጋና እውነተኛ ወጪ

የአንድ ዕቃ እውነተኛ ወጪ በግዢው ዕለት የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የማጓጓዣ፣ የጥገናና የመለዋወጫ ወጪ፣ ዕቃው የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሁም የሚያገለግልበት ጊዜ በአንድነት መታሰብ አለባቸው። ቀላሉ ዘዴ ጠቅላላውን ወጪ ዕቃው ያገለግላል ተብሎ ለሚገመተው ዓመት ማካፈል ነው።

ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ8,000 ብር ገዝቶ አምስት ዓመት ቢጠቀምበት የዓመት ወጪው 1,600 ብር ይሆናል። ያገለገለውን በ4,500 ብር ገዝቶ ለሸክላና ለሽቦ መቀየሪያ 1,500 ብር ቢጨምርበትና ምጣዱ ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግል ግን የዓመት ወጪው 3,000 ብር ነው። በአንጻሩ በ12,000 ብር የሚሸጥ አዲስ የእንጨት ጠረጴዛና በ5,000 ብር የሚገኝ ጠንካራ ያገለገለ ጠረጴዛ ሁለቱም አሥር ዓመት የሚቆዩ ከሆነ ያገለገለውን መግዛት በግልጽ ያዋጣል። እነዚህ ቁጥሮች ለስሌት ማሳያነት የቀረቡ እንጂ የወቅቱን የገበያ ዋጋ የሚያመለክቱ አይደሉም። ፍሬ ነገሩ ርካሽ ሆኖ የታየው ዕቃ ሁልጊዜ ወጪ ቆጣቢ አለመሆኑ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ደን ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ድካም በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው። ቤተሰቦች ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሸጋገሩ ከጭስና ከጉልበት ድካም ይድናሉ። ነገር ግን ምጣድ በቤት ውስጥ ከፍተኛ ኃይል ከሚወስዱ መሣሪያዎች አንዱ በመሆኑ፣ ያገለገለ ሲገዛ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚግለው በሸክላው ሥር በተቆፈረ ቦይ ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ ሲሆን፣ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ በጀሶ ይሸፈናል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ወይም ሽቦው በተደጋጋሚ ተቆርጦ ሲቀጠል ሙቀቱ እኩል አይሰራጭም፤ እንጀራው በአንዱ በኩል ሲበስል በሌላው በኩል ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ መጋገሪያው ጊዜም ይረዝማል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በእያንዳንዱ ጋገራ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይና ቤተሰቡ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢጋግር፣ በዓመት 182 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ይባክናል። ስለዚህ ያገለገለ ምጣድ ሲገዛ ሸክላውን በጣት አንኳኩቶ ድምፁን መስማት፣ የተላጠ ወይም የተቀጠለ ገመድ አለመኖሩን ማየት፣ የብረት አካሉ ኤሌክትሪክ እንደማያስተላልፍ በባለሙያ ማስፈተሽና ከመክፈል በፊት አስግሎ ማየት ያስፈልጋል።

ያገለገለ ማቀዝቀዣ ደግሞ ሻጩ ዘንድ ለጥቂት ሰዓታት ሠርቶ መታየት አለበት። የበሩ ጎማ በደንብ መግጠሙን፣ ሞተሩ ያለ ዕረፍት አለመሥራቱንና በጀርባው የዘይት እድፍ አለመኖሩን ማስተዋል ይገባል። በመግለጫ ሰሌዳው ላይ «አር-12» የሚል ጽሑፍ የያዘ ማቀዝቀዣ የኦዞን ንጣፍን በሚጎዳ ጋዝ የሚሠራ አሮጌ ስሪት ነው። ይህ ጋዝ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም ዙሪያ ከምርት እንዲወጣ የተደረገ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ኦዞን አሳሽ ንጥረ ነገሮችን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 716/2003 አውጥታለች። እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ ጋዙ ቢያልቅበት መተኪያ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን ርካሽ ቢሆንም አያዋጣም።

ያገለገለ ቢሆን የሚመረጡ ዕቃዎች

ከወጥ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁም ሣጥን፣ የብረት አልጋ፣ ድስትና ብረት ምጣድ እንዲሁም መጻሕፍት ባለቤት ቢቀያየሩም ብዙ ጥቅማቸውን አያጡም። ጉድለታቸውም በዓይን የሚታይ ነው። የእንጨት ዕቃ ሲገዛ መሳቢያውን አውጥቶ የውስጥና የጀርባ ገጹን መመልከት፣ ትንንሽ ቀዳዳና የእንጨት ዱቄት ካለ ነቀዝ እንደገባበት መገንዘብ ያሻል።

በቺፕውድ የተሠሩ ዕቃዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። አንድ ጊዜ ተፈታተው ሲገጠሙ የብሎን ቀዳዳዎቻቸው ይሰፋሉ፤ እርጥበት ሲነካቸውም ያብጣሉ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው በመሆኑ፣ በተዳፋቱ ላይ ባሉ ቤቶች በክረምት ወራት ቅዝቃዜና እርጥበት ይበረታል። በዚያ ለሚኖር ቤተሰብ ያገለገለ ቺፕውድ ቁም ሣጥን ርካሽ ቢሆንም ዘላቂ አይሆንም።

አዲስ መሆን የሚገባቸው ዕቃዎች

ጉድለታቸው በቀላሉ የማይታይና ጉዳታቸው ከባድ የሆኑ ዕቃዎች አዲስ ሆነው ቢገዙ ይመረጣል። ከእነዚህም ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

የቡታ ጋዝ ቱቦና መቆጣጠሪያ፦ ያረጀ ቱቦ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። አዲሱም ቢሆን ከተገጠመ በኋላ በሳሙና አረፋ መፈተሽ አለበት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው።

የመኪናና የሞተር ብስክሌት ጎማ፦ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በዕድሜ ይደርቃል። በጎኑ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው ምልክት በኋላ በመጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ይገልጻሉ፤ 2319 ማለት በ2019 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለት ለሚወርድ አሽከርካሪ ጎማና ፍሬን ገንዘብ የሚቆጠብባቸው ዕቃዎች አይደሉም።

የሞተር ብስክሌት የራስ ቁር፦ አንድ ጊዜ አደጋ የደረሰበት ቁር ከውጭ ደህና ቢመስልም የውስጥ መከላከያው አገልግሎቱን ጨርሷል።

ፍራሽ፦ ትኋንና እንቁላሉ በስፌትና በስፖንጅ ውስጥ ስለሚደበቁ፣ ያገለገለ ፍራሽ የአንዱን ቤት ችግር ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

ልባሽ ጨርቅ

በተለምዶ «ሰልባጅ» የሚባለው ልባሽ ጨርቅ ከሌሎች ያገለገሉ ዕቃዎች ተለይቶ መታየት አለበት። በጎረቤት ኬንያ «ምቱምባ» እየተባለ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ በሰፊው የሚሸጥ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ለንግድ ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለ ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን በተለያዩ ጊዜያት ተያዙ ብሎ ከሚያሳውቃቸው የኮንትሮባንድ ዕቃዎች አንዱም ይኸው ነው። ልባሽ ጨርቅ የሚገዛ ሸማች ደረሰኝ አያገኝም፤ ጉድለት ቢገኝበትም የሚጠይቀው አካል የለም። በዘመድና በጎረቤት መካከል የሚደረግ የልብስ ልውውጥ ግን ክልከላው አይመለከተውም፤ ከመልበስ በፊት በሙቅ ውኃ ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ ብቻ በቂ ነው።

የዕቃው ምንጭ

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ከየት እንደመጣ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት በቅን ልቦና ከገዛ ሰው እጅም ቢሆን ዕቃውን ማስመለስ ይችላል። ገዥው ሻጩን የማያውቀው ከሆነ ገንዘቡንም ዕቃውንም ሊያጣ ይችላል። እያወቀ የገዛ ደግሞ በወንጀል ይጠየቃል። በመሆኑም የሻጩን መታወቂያ ማየትና የዕቃውን ዓይነት፣ መለያ ቁጥርና ዋጋ የሚገልጽ አጭር ውል በምስክር ፊት መፈራረም ተገቢ ነው። ያገለገለ ሞባይል ሲገዛ *#06# ሲደወል የሚታየው 15 አኃዝ ቁጥር በካርቶኑና በደረሰኙ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት።

የካ ክፍለ ከተማ የእንግሊዝና የሩሲያን ጨምሮ የበርካታ ኤምባሲዎች መገኛ ነው። የሥራ ዘመናቸውን ያጠናቀቁ የውጭ አገር ሠራተኞች ዕቃቸውን ሲሸጡ ነዋሪው ጥራት ያለው ዕቃ የማግኘት ዕድል አለው። ሆኖም ከቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ቀረጥና ታክሱ ሲከፈል ብቻ ስለሆነ፣ ገዥው የጉምሩክ ሰነዱን ጠይቆ ማየት ይኖርበታል።

የሸማቹ መብትና ግዴታ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴው የዕቃውን አዲስነት፣ ሞዴል፣ የአገልግሎት መቀነስ፣ እንደገና የተሠራ ወይም ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጹ የተከለከለ ተግባር ነው። ያገለገለ ዕቃን ቀለም ቀብቶ ወይም በአዲስ ካርቶን አሽጎ እንደ አዲስ መሸጥ በዚህ ይሸፈናል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች የተሻለ ዋስትና ካልተሰጠው በስተቀር፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ነጋዴውን መጠየቅ ይችላል። ለዚህም ደረሰኝ ዋነኛ ማስረጃ ነው።

ሻጩ ነጋዴ ሳይሆን ግለሰብ ሲሆን ግንኙነቱ በዋናነት የሚመራው በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ገዥው ዕቃውን እንደተረከበ ወዲያውኑ የመመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ የማሳወቅ ኃላፊነት አለበት። በግዢው ጊዜ እያወቀ የተቀበለውን ጉድለት በኋላ ምክንያት አድርጎ መጠየቅ አይችልም።

በአጠቃላይ ጉድለቱ በዓይን የሚታይ፣ ለመጠገን ቀላልና ለአደጋ የማያጋልጥ ዕቃ ያገለገለ ቢገዛ ይጠቅማል። ጉድለቱ የተሰወረ፣ ኃይል የሚያባክን ወይም ሕይወትን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ አዲሱን መግዛት፣ አቅም ካልፈቀደም ቆጥቦ መጠበቅ ይመረጣል። በነጋዴ የተታለለ ሸማች ደረሰኙንና ዕቃውን ይዞ በቅድሚያ ሻጩን ማነጋገር፣ መፍትሔ ካላገኘም በሚኖርበት ወረዳ ወይም በክፍለ ከተማው ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል።